አስካለ የሠራችው ጎርፍ

አስካለ መሞቷን የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። በእኛ ሰፈር እድርተኛ ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ነፊው በየመታጠፊያው ቆሞ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይለፍፋል። ለእሷ አልተነፋም፤ ከእድሩ ከተሰረዘች ቆይታለች። ሹፌሩ ወደ ገበያ እየወሰደኝ እንደ ተራ ወሬ ጣል አደረገው።

«ያቺ ጎርፍ የምትሠራዋ መምህርት አረፈች አሉ።»

«ምን የምትሠራዋ?»

«ጎርፍ። አልሰማህም እንዴ ጋሼ? በኮምፒውተር ሠርታ ነው ያመጣችው ይባላል።»

«አንተ ታምናለህ?»

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ የምኖረው ዳገቱ ላይ ነው።»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ ጎርፍ የሚባለውን ሁሉ እንዲህ ባጭሩ የጠቀለለ ሰው አላጋጠመኝም። አስካለ ሰምታው ቢሆን ዲግሪ ትሰጠው ነበር።

ሰው ሲሞት ጠባዩ ይሻሻላል። እስከ አርባው ደግ ይሆናል፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጻድቅ። ለአስካለ ይህን ውለታ አልውልላትም፤ በሕይወት ብትኖር እሷም አትቀበለኝም። ሰላምታ የምትጠላ ሴት ነበረች። እኛ ስለ ጤና ጠይቀን፣ ስለ ልጆች ጠይቀን፣ ስለ ብርዱ አማርረን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው። እሷ ከመሐል ትጀምራለች። መጀመሪያ ቤቴ የመጣች ቀን በሩ ላይ ቆማ «ከጓሮህ ያለው ቦይ ተደፍኗል» አለችኝ። «ደህና ዋልክ» እንድትለኝ ገና እየጠበቅሁ ነበር።

በአንድ ኮሌጅ ነበር የምናስተምረው፤ እኔ ቋንቋ፣ እሷ የመሬት ቅየሳ። የምትጠራኝ «አንተ ጸሐፊው» እያለች ነው፤ በአፏ ውስጥ ቃሉ ከሥራ ፈት ብዙም አይርቅም። አባቷ ከአንኮበር በታች ባለ አንድ ደብር ቄስ ነበሩ። ያደገችው ፍየል እንኳ ተጠንቅቆ በሚረግጠው ገደል ላይ ስለሆነ ለእኛ ሜዳ ትልቅ ንቀት ነበራት።

«ገደል ሐቀኛ ነው» ትላለች። «ብትወድቅ የት እንደምትደርስ አስቀድሞ ያሳይሃል። ሜዳ ግን ውሸታም ነው። የተኛ መስሎ ሥራውን ይሠራል።»

ይህን ለማረጋገጥ የምታደርገው ነገር ነበራት። በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ትዞራለች፤ ለመጠጣት አይደለም። የኮሌጁ በረንዳ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ሰርግ ቤት ዳስ መሐል፣ ጥቂት ውሃ መሬት ላይ ታፈስና ወዴት እንደሚሄድ ጎንበስ ብላ ታያለች። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ነበር ያፈሰሰችው። የሙሽራው እናት «ምን እያደረግሽ ነው?» ብትላት «ዳሱን የጣላችሁት ውሃ መተላለፊያ ላይ ነው» አለቻት። መልካም ጋብቻ ብሎ መመረቅ እያለ።

ከዓመታት በፊት የሰፈራችንን ካርታ ልትሠራ ተነሳች። እንደ ቀበሌው ካርታ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ባለ ሦስት አውታር፣ ተማሪዎቿ «ስሪዲ» የሚሉት ነው። አንዱ የሌላውን ጫፍ እየደረበ ብዙ ፎቶ ይነሳል፤ ሁለት ዓይናችን አንዱን ዕቃ ከሁለት ቦታ እያየ ርቀቱን እንደሚያውቅ፣ ኮምፒውተሩም ፎቶዎቹን እያገናዘበ ጣሪያውን በከፍታው፣ ቦዩን በጥልቀቱ አድርጎ ሰፈሩን መልሶ ይገነባዋል። ከዚያ ዝናብ ታዘንብበታለህ። ውሃው የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚተኛ፣ የማን ቤት እንደሚገባ ይታያል።

ሌላ አገር ይህን ሥራ በሰማይ በሚበር ካሜራ ይሠሩታል። እኛ በሰማይ የሚበር ነገር ድምፅ ሲሰማ ሰው ቀና ብሎ ማየት በማይወድበት ዘመን ላይ ስለሆንን፣ አስካለ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ ካሜራ አስራ በእግሯ ዞረች። አጣናውን ትከሻዋ ላይ አቁማ፣ በየጥቂት እርምጃው እየቆመች፣ በየቅያሱ ስትገባና ስትወጣ ቃጭል የሌለው የጥምቀት ሰልፍ ትመስል ነበር። አንድ የሰፈር ጥበቃ አስቆማት።

«ምንድን ነው የምታነሺው?»

«መሬቱን።»

«ለማን ልትሰጪው?»

«ለውሃው።»

ሰውየው ጠመንጃውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ትንሽ አሰበና «ደብዳቤ አለው?» አላት። ማንን ማለቱ እንደሆነ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ካሜራው የማያየው አንድ ነገር ነበር። የእኛ ሰፈር ግቢዎች በድንጋይ አጥር የታጠሩ ናቸው። ድሮ አጥር የሚያሠራ ሰው ከግርጌው ለላይኛው ጎረቤቱ ውሃ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሳይተው ከቀረ ሽማግሌ ይላክበታል። በበጋ ውርጩና ነፋሱ እንዳይገባ ቀዳዳው በቁራጭ ብርድ ልብስ ይወተፋል፤ ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ ቁራጭ አይጠፋም። ሰኔ ሲገባ ውታፉ ይነቀላል። ሕጉ ይኸው ነው፣ የትም አልተጻፈም። አጣና ላይ ያለ ካሜራ ቀዳዳውን ስለማያየው ለኮምፒውተሩ አጥር ሁሉ ግድብ ነው። ስለዚህ አስካለ በየግቢው እየገባች፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በየአጥሩ ሥር እጇን ትሰድ ነበር። ክፍት የሆነውን በካርታው ላይ ትከፍተዋለች፣ የተደፈነውን ትደፍነዋለች።

ብዙዎቹ ተደፍነው አገኘቻቸው፤ በጨርቅ አይደለም፣ በሲሚንቶ።

ከሁሉም የከፋው የጋሽ ደምሴ አጥር ነበር። ጋሽ ደምሴ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ቢሆኑ ታሪኩ ቀላል ነበር። የሰፈሩን ሙታን ሁሉ የቀበሩ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። አጥራቸው ረጅም ነው፤ ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ አግድም ይቆርጠዋል። ከአጥሩ ሥር፣ በውጭ በቁልቁለቱ በኩል፣ እትዬ ጥሩነሽ በጭቃ ቤቷ ውስጥ አረቄ እያወጣች ትኖራለች። ቀዳዳው ክፍት በነበረ ጊዜ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ደጇን እያጨቀየ፣ ጌሾዋን እያረጠበ፣ እሳቷን እያጠፋ አስቸገራት። ሄዳ ለጋሽ ደምሴ አለቀሰች። እሳቸውም አዘኑና ደፈኑላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀዳዳውን የደፈነው ርኅራኄ ነው።

የተደፈነው ውሃ ደግሞ ከእሳቸው ጓሮ ጀምሮ ወደ ኋላ እየተመለሰ ከአጥሩ በላይ ባሉት ግቢዎች ይተኛል። እነሱስ ለምን አልጮሁም? ጋሽ ደምሴ ናቸዋ። የአባታቸውን አስከሬን ተሸክመው የቀበሩላቸውን ሰው «አጥርዎ ግቢዬን ኩሬ አደረገው» ይበሏቸው? ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ቦቲ ጫማ ገዙ። አስካለ የሠራችው የጎርፍ ካርታ ይባላል እንጂ፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ የይሉኝታችን ካርታ ነበር። ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ለማን ብሎ ዝም እንዳለ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ካርታውን መጀመሪያ የወሰደችው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ኃላፊው በጣም ወደደው። ለእንግዶች ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አዘዘና «ሰማያዊውን አውጥተሽ አንድ ቅጂ አምጪልን፤ ዓይን ይረብሻል» አላት። አላወጣችም። ሌላ ሰው አወጣው። አሁንም ተሰቅሎ አለ፤ ውብ ነው፣ ደረቅ ነው።

ከዚያ ወደ እድሩ መጣች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእድሩ አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተሰቅሎ፣ ከኮሌጁ በተዋሰችው ፕሮጀክተር አሳየችን። በመጀመሪያ ደስታ ሆነ። ሰው ቤቱን ከላይ ሲያይ ልጅ ይሆናል። «ያ የኔ ነው፣ ያ የተቀደደው ቆርቆሮ!» «አንተ፣ ሽንት ቤትህ ከሳሎንህ ይበልጣል!» ተሳቀ። አስካለ አልሳቀችም፤ ዝናቡን ለቀቀችው።

ሰማያዊው ከዳገቱ ቀስ እያለ ወረደ፣ ከጋሽ ደምሴ አጥር ሲደርስ ቆመ፣ ወደ ላይ መጠራቀም ጀመረ። ሳቁ ጠፋ። ውሃው የአጥሩን ወገብ አለፈ። ከዚያ አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተደረመሰና ሰማያዊው በአንድ ጊዜ ወደታች ሄደ። የእትዬ ጥሩነሽ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ቤት አልነበረም።

«በስመ አብ» አለ አንድ ሰው። «ከእጅሽ ይራቅ» አለች ሌላዋ።

«የሚያስፈልገው አንድ ቀዳዳ ነው» አለች አስካለ። «ደጇ ይጨቀያል፣ እሱ እውነት ነው። ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ካልተቀበሉት አንድ ቀን ጠቅልሎ ይመጣል። ጋሽ ደምሴ፣ ነገ ይክፈቱት።»

ነገ ይክፈቱት። እባክዎ የለ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ የለ፣ ከስብሰባው በፊት ቤታቸው ሄዶ ጉልበት መሳም የለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሽማግሌ ልኮ፣ በጓሮ በር ነግሮ፣ እሳቸው በራሳቸው ሐሳብ የከፈቱት እንዲመስል ያደርግ ነበር። ይህን እኔም ነግሬያት ነበር። «ውሃው ሽማግሌ አይልክም» አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከአጥሩ በላይ ወደሚኖሩት ዞሩ። «እናንተ ግቢ ውሃ ይተኛል?»

«ኧረ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ቦቲያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ተነሳች። «እኔን ነው የምታስወጪኝ?» አለቻት አስካለን። «ስንት ክረምት እሳቴ ሲጠፋ የት ነበርሽ? እሳቸው ናቸው ያደረቁልኝ። ቤቴን በአንሶላ ላይ ታፈርሺብኛለሽ?»

«ቤትሽን ላተርፈው ነው።»

«እንዲህ ነው ማትረፍ? ሰው እያየ?»

ጉዳዩ ከክረምት በኋላ እንዲታይ ተወሰነ። ስለ ጎርፍ የሚመከረው ከክረምት በኋላ ነው፤ መስከረም ላይ ሁላችንም አስተዋዮች ነን።

ስለ ከተማና ስለ አደጋ የሚጽፉ ሰዎች ችግሩ የመረጃ እጥረት ነው ይላሉ። ሕዝቡ ቢያውቅ፣ ካርታ ቢኖር፣ ግንዛቤ ቢፈጠር። ብዙ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቀን አላመንኩትም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ቀዳዳውን በእጃቸው የደፈኑት ናቸው፤ የላይኞቹ በየቀኑ ይረግጡታል፤ እትዬ ጥሩነሽ ለምና ያስደፈነችው ነች። አስካለ የነገረቻቸው አዲስ ነገር የለም። የጨመረችው ነገር ቢኖር ሁሉም የሚያውቀውን ሁሉም አንድ ላይ እንዲያዩት ማድረጓ ነው፤ ይህ ደግሞ እኛ ዘንድ ዕውቀት አይባልም፣ ብልግና ነው።

ነሐሴ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ ጣለ። በረዶው ቦዩን ሁሉ ሞላው፣ ዝናቡ ከላይ ተከተለ። አጥሩ የተደረመሰው አንሶላው ላይ ካየነው ቦታ ትንሽ ወደ ግራ ነው። የእትዬ ጥሩነሽ ቤት ግን በትክክል እንዳየነው ሄደ። ጋሽ ደምሴ በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ የወደቀባትን ምሰሶ አንስተው፣ በጀርባቸው አዝለው አወጧት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። እንስራዎቿ ተሰባብረው ሰፈሩ ሁሉ አረቄ አረቄ ሸተተ። ሰው አልሞተም፤ ስለዚህ ተመስገን አልንና ወደ ምክንያቱ ዞርን።

ምክንያቱ ተገኘ። ሟርት ነው። ሰው ቤት ሳይፈርስ እንደፈረሰ አድርጎ ያሳየ፣ ያውም ከቅዳሴ መልስ፣ ምን ይጠበቃል? አስካለ ከአጥሩ በታች ስላለው አፈር፣ ስለ ውሃው ግፊት፣ ስለ ተሳሳተችበት ግራና ቀኝ ልታስረዳ ሞከረች። ግምቷ ልክ በሆነ መጠን ወንጀሏ ከበደ። ብትሳሳት ይቅር ይሏት ነበር።

በእድሩ ደንብ ሟርት የሚል አንቀጽ የለም፤ ቀብር አለመገኘት የሚል ግን አለ። አስካለ ቀብር ትቀር ነበር፤ እውነት ነው። በዚህ ከሰሷት። ጋሽ ደምሴ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩባትም፤ «እንግዲህ ሕዝቡ እንዲህ ካዘነ» ብቻ ብለው መሬት መሬት አዩ። የተናገረችው እትዬ ጥሩነሽ ነበረች፣ በምርኩዝ ቆማ።

«ባታሳየን ኖሮ አይመጣም ነበር። ቤቴን ሲፈርስ አስቀድማ አየችው። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

አስካለ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ እንኳ አላወጣችም። «ልክ ናችሁ» አለች። «ሁለተኛ አላሳያችሁም።»

ብዙዎች ንዴት መሰላቸው፤ የሥራ መልቀቂያ ነበር። ከዚያ በኋላ ውሃ አላፈሰሰችም። የጋሽ ደምሴ አጥር በእድርተኛው ጉልበትና መዋጮ ሲሠራ፣ ከበፊቱ ከፍ ብሎ፣ በብረት ተጠናክሮ፣ ያለ ቀዳዳ፣ በየቀኑ በአጠገቡ ታልፍ ነበር፤ ዞር ብላ አታይም። አንድ ቀን አብሬያት ስሄድ «ምንም አትይም?» አልኳት።

«ግንበኛው ጎበዝ ነው» አለች። «ይሄኛው ቶሎ አይፈርስም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«አንተ ጸሐፊው፣ ውሃውስ የት ይሂድ?»

ይህን ካለችኝ በኋላ ብዙም አልቆየች። ኩላሊቷ የቆየ ሕመም ነበረበት፤ ለማንም አልተናገረችም፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብታ እዚያው ቀረች። የተቀበረችው አባቷ ባገለገሉበት ደብር፣ እዚያ ገደሏ ላይ ነው። ከኮሌጁ ጥቂት ሆነን በሚኒባስ ወረድን። ከሰፈራችን ሌላ ሰው አልመጣም። ቀባሪዎቹ ከዝናቡ ጋር እየተሽቀዳደሙ ነበር፤ የሕይወት ታሪኳን የሚያነብ አልነበረም፤ ቢኖርም ትቆጣ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለእትዬ ጥሩነሽ የአስካለን ሞት ልነግራት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፤ ምናልባት ስትደነግጥ ላያት ፈልጌ ይሆናል። ጋሽ ደምሴ ቤቷ ከፈረሰ ጀምሮ በግቢያቸው ውስጥ፣ አዲሱን አጥር ተደግፋ በተሠራች አንዲት ክፍል አስጠልለዋታል። ኪራይ አይቀበሏትም። ከአጥሩ በታች ትኖር የነበረችው ሴት አሁን ከአጥሩ በላይ ትኖራለች ማለት ነው።

ስደርስ በመጥረጊያ ውሃ ከክፍሏ እየገፋች ነበር። የክረምቱ መጀመሪያ ነው፤ ገና ብዙም አልዘነበም። አልጋዋ በድንጋይ ላይ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር ይታያል፤ ከሱ በታች ሌላ መስመር አለ፣ የቆየ።

ሞቷን ነገርኳት። መጥረጊያዋን አቆመች። «ነፍስ ይማር» አለች፤ ከዚያ፣ «ደፋር ነበረች። አፏ ግን አይጥምም።»

«እትዬ፣ ይህ ውሃ በየዝናቡ ይገባል?»

«ኧረ ትንሽ ነው።»

«በዚህ እግርሽ ሌሊት ቢሞላብሽስ? ለጋሽ ደምሴ አልነገርሽም?»

ወደ ዋናው ቤት ተመለከተች፣ ድምጿን ቀነሰች። «ስማኝ ወንድሜ፣ እንዳትነግርብኝ። በጀርባቸው ያዘሉኝን ሰው፣ ቤት የሰጡኝን ሰው፣ ውሃ ገባብኝ ልበላቸው? ምን ይሉኛል? ያሳፍራል።»

«ቀዳዳ ቢከፈት እኮ...»

«ቀዳዳውን ያስደፈንኩት እኔ አይደለሁ?» አለችና መጥረጊያዋን አነሳች።

ስወጣ ጋሽ ደምሴን በር ላይ አገኘኋቸው። ከለቅሶ ቤት እየተመለሱ ነበር። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ብርዱ አንድ ላይ አማረርን። እንዳልነግር ተለምኛለሁ፤ ቢሆንም ነገርኳቸው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንደ አስካለ ከመሐል ጀመርኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ የእትዬ ጥሩነሽ ክፍል ውሃ ይገባዋል። አጥሩ ነው። እዚያ ውስጥ እያለች ይሞላባታል።»

ጋሽ ደምሴ አልደነገጡም። ክንዴን ይዘው ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ አደረጉኝ፣ እሷ እንዳትሰማ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት ስትጠርግ በመስኮት አያታለሁ። እንዳየሁ አትንገራት፤ ትሳቀቃለች።»